የማደንዘዣ ጠብታው ጠርሙስ ከታካሚው ጋር ወደ ቤት አይሄድም

ሲስተር፣ ዘግይቶ የሚያነብም እንዲገባው ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። አንድ በያጅ ዓይኑ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶበት ጤና ጣቢያ መጣ፤ ቴትራኬይን የተባለው የዓይን ማደንዘዣ ጠብታ ተጨምሮለት ብናኙ ወጣ፤ ሕመሙም ወዲያው ጠፋ። ማታ ተመልሶ «ያችኑ ጠብታ ስጡኝ፣ ካልሆነም ጻፉልኝና ልግዛት» አለ። ይሰጠው ወይ? በምርመራ ጊዜስ ስንት ጊዜ መጨመር ይቻላል? ከሥር ደግሞ አንድ ባልደረባ «አሜሪካኖቹ አሁን ፈቅደዋል» ብሏል፤ እሱንም እነካዋለሁ።

አይሰጠውም፤ አይጻፍለትምም። «ሱስ እንዳይሆንበት ነው» የሚለው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይነገራል፣ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ቴትራኬይን 0.5%፣ ፕሮፓራኬይን 0.5% እና ኦክሲቡፕሮኬይን 0.4% ነርቩ ምልክት እንዳያስተላልፍ ያግዱታል። በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይይዛሉ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ነገር ግን የብሌኑን (እዚህ ብሌን የምለው የዓይኑን የፊት ግልጽ ክፍል፣ ኮርኒያን ነው) የላይኛውን ሽፋን፣ ኤፒቴሊየሙን፣ ጭምር ይጎዱታል። የተላጠ ብሌን የሚድነው በቁስሉ ዳር ያሉት ሴሎች ወደ መሀል እየተንሸራተቱ ሲሸፍኑት ነው፤ ጠብታው በተደጋገመ ቁጥር ይህን እንቅስቃሴ ያዘገየዋል። የደነዘዘ ዓይን እንደ ወትሮው አይርገበገብም፣ እንባውም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ብሌኑ ይደርቃል። ሁለተኛ ብናኝ ቢገባ ደግሞ ሰውየው ሳይሰማው እያሸ ይፍቀዋል።

ውጤቱ ይኸው ነው፦ በአንድ ሁለት ቀን ሊድን የሚችለው ጭረት ይሰፋል፤ ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ከበፊቱ ይብሳል፤ ሰውየውም በየግማሽ ሰዓቱ ይጨምራል። በዚህ መልኩ ከሰነበተ የማይዘጋ ቁስልና በብሌኑ ላይ ቀለበት የመሰለ ነጭ ጥላ ይመጣል። ይህ ቀለበት አካንታሜባ ከተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ኢንፌክሽን ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪሙን ያሳስታል፤ መጨረሻው የብሌን መሳሳትና መበሳት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሕክምናው እምቢ ያለው» የብሌን ቁስል ሲያጋጥም ቤት ውስጥ የሚጨምረውን ሁሉ ጠርሙሱን ይዞ መጥቶ እንዲያሳይ ይጠየቅ። በቃል ብቻ ሲጠየቁ የሚደብቁ አሉ።

የእርስዎ በያጅ ማታ መመለሱ ራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። የብየዳ ብርሃን የሚያደርሰው ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚነሳው፣ በአብዛኛውም ሁለቱንም ዓይን። ሁለቱም ከቀሉና ካነቡ መጀመሪያ እሱን ያስቡ። ብናኝ የወጣለት ዓይን ብቻ ከሆነ ግን የላይኛውን ቆብ ገልብጠው ይዩ፤ እዚያ የተደበቀ ሌላ ብናኝ ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይጭረዋል። ፍሎረሴን (ቁስሉን የሚያሳይ ማቅለሚያ) ጨምረው በሰማያዊ ብርሃን ሲያዩ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ካገኙ ምልክቱ ያ ነው። የዝገት ቀለበት መቅረቱንም ይመልከቱ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ከማንኛውም ጠብታ በፊት የዓይን እይታ ይለካ። የብሌን ስሜት መፈተሽ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ ሄርፒስ ከተጠረጠረ፣ ከማደንዘዣው በፊት ነው፤ በኋላ ምንም አይነግርዎትም። ብረት በብረት ሲቀጠቅጥ የተመታ ሰው ላይ፣ ጥቁሩ ክብ ከተጣመመ ወይም ብሌኑ ተበስቷል ብለው ከጠረጠሩ፣ ምንም ሳይጨምሩና ሳይጫኑ ዓይኑን በማይነካ ጠንካራ መከለያ ሸፍነው ወደ ዓይን ሐኪም ይላኩ። የዚህ ቤተሰብ ማደንዘዣ አለርጂ እንዳለበትም ይጠየቅ።

ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብለው ያንብቡት። ቴትራኬይን እና ቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲኩ) በችኮላ ይምታታሉ፤ አትሮፒንም (ጥቁሩን ክብ የሚያሰፋው ጠብታ) ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ይመጣል። ደፍርሶ፣ ቀለሙ ተለውጦ ወይም ክሪስታል ሠርቶ ከታየ ይጣል። ፕሮፓራኬይን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ ከዞረ አይጠቀሙበት።

«ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል» ብለው ያስጠንቅቁት፤ ቴትራኬይን ከፕሮፓራኬይን ይበልጥ ይለበልባል። ወደ ላይ ያሳዩት፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ኪሱ ውስጥ ያንጠባጥቡ። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍት ከነካ የዚያ ሰው ጀርም ለሚቀጥለው ታካሚ ተረፈ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ጠብታ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ኪሱ ከአንድ ጠብታ በላይ ስለማይይዝ ትርፉ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ለዓይን ግፊት መለኪያ አንዱ ይበቃል። ለብናኝ ማውጣት ግን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እያራራቁ እስከ ሦስት ጠብታ ይሄዳሉ። በሦስቱ ካልወጣ እሱ የሪፈር ጉዳይ ነው፤ አራተኛ ጠብታ አይፈታውም።

ብናኙ በረጠበ ጥጥ ካልተነሳ 25 ጌጅ መርፌ በሲሪንጅ ላይ ተሰክቶ፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ዞሮ፣ ከብሌኑ ጎን በአግድም ይገባል፤ ፊት ለፊት በፍጹም። እጅዎ ጉንጩ ላይ ይደገፍ። ስሊት ላምፕ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ) ወይም ጥሩ ሉፕ (ማጉያ መነጽር) ከሌለ አይሞከር። የዝገቱን ቅሪት በግድ መፋቅ አያስፈልግም፣ በማግሥቱ ለስልሶ ይቀላል።

ኖራ ወይም ኬሚካል የገባበት ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ጠብታው ካለ ዓይኑን ለመክፈት ይረዳልና ይጨመር፣ ከሌለ ግን እሱን ፍለጋ መድኃኒት ክፍል መሮጥ የለም፤ በንጹሕ ውኃም ቢሆን ማጠቡ ወዲያው ይጀመር፤ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ።

ለማታው ሕመም ምን ይሰጠው? ፓራሲታሞል ወይም ጨጓራው የሚችል ከሆነ አይቡፕሮፌን፤ የቴትራሳይክሊን 1% የዓይን ቅባት፣ እሱ ራሱ ቁስሉን ያለሰልሳል። ብርሃን መቋቋም ካቃተው ሳይክሎፔንቶሌት 1% (እሱም ጥቁሩን ክብ የሚያሰፋ) አንድ ጠብታ፣ እይታው እንደሚደበዝዝ ተነግሮት። አትሮፒን ለቀናት ስለሚቆይ ለዚህ አልመርጠውም። ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ) ያለበት ጠብታ አይነካ። በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይታይ። ከመሄዱ በፊትም ማደንዘዣው እስኪለቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዳያሽ ይነገረው።

ስለ አሜሪካኖቹ፦ የድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጃቸው (የሙያ ማኅበር ነው) በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቀላል የብሌን ጭረት ብቻ፣ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ፣ በድምሩ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ መስጠት ይቻላል ብሏል፤ የተረፈው ይጣላል። ዝገት የቀረበት ብሌን «ቀላል ጭረት» አይደለም። እኛ ጋ ጠርሙሱ 5 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቀንሶ የሚያድል የለም፤ ታካሚው በማግሥቱ ለመመለሱም ዋስትና የለንም። እነዚህ ባልተሟሉበት መመሪያውን ግማሽ አድርጎ መተግበር፣ በእኔ እይታ፣ ከነጭራሹ ካለመስጠት የከፋ ነው።

ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፍ፤ አምራቹ ሌላ ካላለ በ28 ቀን ይወገድ። ትሪ ላይ ተትቶ አይደር፤ ከሠራተኛም ለራሱ ዓይን የሚወስድ ስለማይጠፋ መቆለፊያ ያለው ቁም ሣጥን ይግባ።