ከዜሮ በታች የወረደው መስመር

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ በሃዋይ ማውና ሎዋ በተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ የተለካውን ወርኃዊ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በፓይተን ግራፍ ሳወጣ፣ መስመሩ እዚህም እዚያም ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የቀረውም ላይኛው ጠርዝ ተጠግቶ ዝርግ ይመስላል። የቋሚውን ዘንግ ወሰን ከ300 ላስጀምር ወይስ እነዚያን ወራት ልሰርዝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም መፍትሔዎች አያዋጡም። ወደ ታች የወረደው ልኬት አይደለም። የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም በሚያሰራጨው ፋይል ልኬት ያልተገኘበት ወር -99.99 ተብሎ ይሞላል፤ ሳይንቲስቱ ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ልኬቱን በጀመረበት በ1958 እ.ኤ.አ. ጁንና ኦክቶበር፣ በ1964 ደግሞ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ያሉት ወራት እንዲህ ናቸው። ሶፍትዌሩ ይህን እንደ እውነተኛ ቁጥር ስለሚቆጥረው ዘንጉን ከዜሮ በታች 100 ድረስ ይለጥጠዋል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ዕፅዋት ጋዙን በየዓመቱ ሲወስዱና ሲመልሱ የሚፈጠረው፣ ከሚሊዮን ከ6 እስከ 7 ክፍል የሚሆነው ሞገድ ይሰወራል። ወሰኑን ከ300 ቢያስጀምሩ መስመሩ ወርዶ ሲመለስ የሚተዋቸው ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይቀራሉ፤ አማካይ ሲያሰሉም የሐሰቱ ቁጥር አብሮ ይደመራል።

ረድፉን መሰረዝ ከዚህ ይብሳል። የፓይተን ግራፍ መሣሪያ የሆነው ማትፕሎትሊብ የጃንዋሪ 1964ን ነጥብ ከሜይ ጋር በቀጥታ ስለሚያያይዘው፣ ያልተለኩት ሦስት ወራት ለአንባቢ የተለኩ ይመስላሉ። ስለዚህ ፋይሉን በፓንዳስ (የፓይተን ሰንጠረዥ ማንበቢያ) ሲከፍቱ -99.99 ባዶ ዋጋ መሆኑን ይንገሩት፤ ወሩ በቦታው ይቆያል፣ መስመሩም እዚያ ይቋረጣል። በኤክሴል ለሚሠሩም ባዶው ሕዋስ ክፍተት እንዲሆን፣ በመስመር እንዲያያዝ ወይም ዜሮ እንዲሆን ምርጫ አለ፤ ለእንዲህ ያለ መረጃ ዜሮን ፈጽሞ መምረጥ አይገባም። በሁለት ክፍተቶች መካከል ብቻውን የቀረ ልኬት ግን መስመር ስለማይሠራ፣ የነጥብ ምልክት ካልጨመሩለት ከግራፉ ይጠፋል።

ይህን ካደረጉ ዘንጉ ራሱ ከ300 ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ከዜሮ መነሳት የሚገባው ባር ግራፍ እንጂ የመስመር ግራፍ አይደለም። ወሰኑን በእጅ መወሰን የሚጠቅመው የሁለት ጣቢያዎችን ግራፍ ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩ ነው። ያን ጊዜም ከመረጃው ጋር ማመሳከር አይዘንጉ፤ ጣሪያው 400 ላይ ከታሰረ ከ2016 ወዲህ ያለው ሁሉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል።

በኖቬምበር 2022 እሳተ ገሞራው ፈንድቶ መንገድና ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፣ ልኬቱ ለወራት በአጎራባቹ ተራራ በማውና ኬያ ተካሂዷል። እነዚህን ወራት በተለየ ምልክት አሳይተው ከግራፉ ግርጌ ምክንያቱን ይጻፉ።