«ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ»፦ ስለ ኬሞ፣ ስለ ቀጠሮና ስለ ንዴት

ሀዋሳ ውስጥ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚሰጥበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዛሬ ማታ ያላችሁን ጠይቁኝ። የመድኃኒት መጠን ብቻ አትጠይቁኝ፤ እሱ የሐኪማችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴን ይዤ ከሻሸመኔ በሌሊት ተነስተን መጣን። ወረፋ ጠብቀን ስንገባ «ደሟ ወርዷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» ተባልን፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። እሷ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ እኔ ሰው ልደበድብ ምንም አልቀረኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብትናደድ አይፈረድብህም። ግን ሁለቱን ነገር ለይ። ኬሞ ነጭ የደም ሴልንም ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ እስከ ቀጣዩ ዙር አያገግምም። በዚያ ላይ ቢጨመርባት ኢንፌክሽን ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ማስተላለፉ ልክ ነው። ሳያስረዱ መመለስ ግን ልክ አይደለም፤ የምትናደደው በእሱ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፈህ ግባ፦ ቁጥሯ ስንት ነው? ስንት ሲደርስ ትወስዳለች? ሲቢሲውን (የደም ሴል ቆጠራውን) ሻሸመኔ ቀድመን አሠርተን ውጤቱን በስልክ ብናሳውቅ ይሆናል? የመጨረሻው ከተፈቀደላችሁ ስንቱ ድካም ይቀርላችኋል። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።

ጥያቄ፦ እናታችን ካንሰር መሆኑን አታውቅም፤ «እጢ ነው» ብለናታል። ብትሰማ ትሞትብናለች ብለን ነው። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ሐኪሙ እንዳያወጣው እንሳቀቃለን።

መልስ፦ እማማ የማታውቅ አይመስለኝም። እኛ ክፍል ወንበሮቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ አጠገቧ ያለችው ሴት «ያንቺ የት ላይ ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ግሉኮሱ እስኪያልቅ ስንት ወሬ አለ! ልጆቻቸው ቡና ሊጠጡ ብቅ ሲሉ እጄን ይዘው «ማወቄን እንዳትነግሪያቸው» ያሉኝ እናቶች ጥቂት አይደሉም። እናንተ ለእሷ ትደብቃላችሁ፣ እሷም ለእናንተ፤ ፍርሃቷን የምታወራው ሰው ግን የላትም። ድንገት አታፍርጡት። «እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» ብላችሁ ጠይቋት። «ለእናንተ» ካለች መብቷ ነው፤ ተዉት። ልስማ ካለች ግን ሐኪሙ እናንተ ባላችሁበት ይንገራት። ያን ቀን ሥራችሁን አስፈቅዳችሁ አብራችኋት ዋሉ።

ጥያቄ፦ የሆስፒታሉን በር ሳይ፣ ገና መድኃኒቱ ሳይሰጠኝ ያስመልሰኛል። አበድኩ እንዴ?

መልስ፦ አላበድሽም እህቴ። ያለፈው ዙር ስላስመለሰሽ ሰውነትሽ በሩንና ሽታውን ከዚያ ጋር አያይዞታል። የታወቀ ነገር ነው፤ በዋዜማው የሚወሰድ መድኃኒት ስላለ ለሐኪምሽ ንገሪው። አፍራችሁ ስትደብቁን ነው የሚከፋው።

ጥያቄ፦ ቀዩን ኬሞ ወስጄ ሽንቴ ቀላ። ደም ነው?

መልስ፦ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ከዚያ ካለፈ ወይም ካቃጠለህ ና።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ሄጄ ዓሣ ብበላስ?

መልስ፦ ሾርባውን ጠጪ፣ ጥብሱንም ብዪ። ጥሬውን ግን ሕክምናው እስኪያልቅ እርሺው፤ ጥሬ ሥጋም እንደዚያው። (ሀዋሳ ላይ ይህን ማለት ጠላት ያፈራል፣ አውቃለሁ።)

ጥያቄ፦ ጠያቂዎች እየመጡ «እገሌም በዚሁ ነው የሞተችው» ይሉኛል። ምን ልበል?

መልስ፦ አንቺ ምንም አትበዪ። ከቤተሰብ አንድ ደፋር ሰው ምረጪና በር ላይ «ዛሬ ተኝታለች» ይበል። ጥየቃው ደግ ነው፤ ወሬው ግን የአንቺ ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለጨረር አዲስ አበባ ተላክን፤ የምናድርበት ዘመድ የለንም።

መልስ፦ ጨረር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ነው፤ ማደሪያ ሳታገኙ አትነሱ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው፤ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሪፈሩንና የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱን ኮፒ አድርጉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ካርድ ክፍል ጠፋ ቢሏችሁ የምታሳዩት አይጠፋም።