ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ልምረጥ ወይ? ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ዲፓርትመንት የሚመርጡ ፍሬሽማኖችና ወላጆቻቸው የጠየቁኝን እነሆ። ትምህርቱን ተምሬዋለሁ፣ አሁንም አስተምረዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቤተሰቦቼ «ፖለቲከኛ ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የፓርቲ አባል አያደርገኝም በያቸው። ሥልጣን ከየት ይመነጫል፣ ምን ይገድበዋል፣ መንግሥታት ለምን ይዋጋሉ፣ ለምንስ ይስማማሉ ብሎ መጠየቅ ነው። የፖለቲካ ፍልስፍና፣ የውጭ ፖሊሲ፣ ዓለም አቀፍ ሕግና የምርምር ዘዴ ትማሪያለሽ። ንባብ ካልወደድሽ ግን ሌላ ምረጪ፤ በሃንድአውት ብቻ የሚወጡት ትምህርት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም እያሉ መሸምደድ ለእኛ አገር ምን ይረባል?

መልስ፦ መሸምደዱስ ምንም አይረባም። መንግሥታት ለምን እንዲህ ያደርጋሉ የሚለውን የሚያስረዱ ንድፈ ሐሳቦች ናቸው፤ በአገርህ ታሪክ ፈትናቸው እንጂ። የቋራው ሰው አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳይመጣ ቀረ፤ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ሪያሊስቱ፣ እንግሊዝ ጥቅሟን አስቀደመች፤ ለሩቅ ክርስቲያን ንጉሥ ብላ ከቱርክና ከግብፅ አትጣላም ይላል። ሊበራሉ፣ ነገሩን የሚያበርድ ቋሚ ኤምባሲም የጋራ መድረክም አልነበረም ይላል። ኮንስትራክቲቪስቱ (መንግሥታት ራሳቸውንና ሌላውን እንዴት ያያሉ ብሎ የሚጠይቀው) ደግሞ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከአውሮፓ ነገሥታት እኩል ስለሚያዩ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት ባይ ነው። እኔ ለለንደን ዝምታ የመጀመሪያውን፣ ለእስሩ ሦስተኛውን እቀበላለሁ። ካልተስማማህ ማስረጃህን ይዘህ ጻፍና ሞግተኝ። ክፍል ውስጥ የምጠብቀው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ከደጅህ። ብዙው ተማሪ ስለ አሜሪካና ቻይና ፉክክር ይጽፋል፤ መተማን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት ውል የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ነው፤ ኢትዮጵያና ሱዳን በድንበር እርሻ መሬት የሚከራከሩበትን የአልፋሽቃን ውዝግብ ያለ እሱ ማስረዳት አይቻልም። የዚያው ውል አንቀጽ 3 ደግሞ ዓባይንና ጣናን ይነካል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል የተሻገረውን ስደተኛ ጨምርበት፤ ድንበር፣ ውሃ፣ ንግድና ስደት በአንድ መስመር ላይ ናቸው። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ግን አትሂድ። ከሰነዶችና ከተማ ውስጥ ካሉ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ተመርቆ ሥራ ያገኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚገባው ጥቂት ነው። ሌላው በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች፣ በእርዳታ ድርጅቶች፣ በመገናኛ ብዙኃን ይሠራል፤ ጊዜ ወስዶበት ሥራ የሚፈልግም አለ። በደንብ መጻፍ የሚችል፣ ኮምፒዩተር ላይ መረጃ መተንተን የለመደ ልጅ ይሻለዋል። እነዚህን ገና ተማሪ ሳለ እንዲይዝ ይምከሩት።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ በየቀኑ አንድ ገጽ አንብብ፣ ያነበብከውን በራስህ ቃል ጻፍ። እሱ ሲጠና ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ጀምር፤ ሁለቱም የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፣ ዐረብኛው ደግሞ የጎረቤታችን የሱዳን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ስለሆነ ንባቡን እስከ አራተኛ ዓመት አታቆየው።