«ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛው መቼ ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄ 5 ወር ከግማሽ ሆኖታል፣ ወንድ ነው። የሚጠባው ጡት ብቻ ነው። ቢሮ ስውል አክስቴ ያለብኩትን ወተት በጡጦ ትሰጠዋለች። ቀን ቀን ሳቂታ፣ ደስ የሚል ልጅ ነው። ሌሊት ግን 3 ጊዜ፣ አንዳንዴም 4 ጊዜ ይነቃል። ጎረቤቴ የሷ ልጅ ገና ከ3 ወሯ ጀምሮ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት እንደምትነሳ ትነግረኛለች። አማቴ ደግሞ «ወተትሽ ቀጥኖበት ነው፣ አልጠገበም፣ ማታ ማታ ትንሽ አጥሚት አቅምሺው» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ የነቃሁት እስክሪብቶው ከእጄ ሲወድቅ ነው። ልጄ ችግር አለበት? መቼ ነው የሚተኛልኝ?
እንቅልፍ ያማራት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የወደቀው እስክሪብቶ ብቻ ከሆነ ተመስገን በዪ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ሰሞን አንድ ሌሊት አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጋቢ አቅፌ፣ እሹሩሩ እያልኩ ስወዛወዝ ባለቤቴ መብራት አበራ። ጋቢው ውስጥ ማንም የለም። ልጁ አልጋው ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ልጅሽ ችግር ያለበት አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜ ሌሊት 3 ጊዜ መንቃት ያለ ነገር ነው። የካናዳ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ 6 ወር ከሞላቸው ጤነኛ ሕፃናት መካከል ከመቶ 38ቱ ሳይነቁ 6 ሰዓት መተኛት ገና አልጀመሩም ነበር። መለኪያው 8 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ያልደረሱት 57 ሆኑ። ዓመት ሲሞላቸው እንኳ ከመቶ 28ቱ 6 ሰዓት አልሞሉም። በሚተኙትና በማይተኙት መካከል ደግሞ የእድገት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «መቼ?» ላልሽው ቁርጥ ያለ ቀን የሚነግርሽ ሰው ካገኘሽ አትመኚው። አንዳንዱ በ3 ወሩ፣ አንዳንዱ ዓመት አልፎት ነው።

ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ» ሲባል ምን ማለት ነው? በ1957 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ላይ የልጅ ሌሊት ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ብቻ! በዚህ ሂሳብ ያንቺም ልጅ አንዳንድ ቀን ሳታውቂለት «ሌሊቱን ተኝቶ» ይሆናል። ጎረቤትሽን ትዋሻለች አልልም፣ እንደዛ የሚተኙ ልጆች አሉ። ግን የሷም ልጅ ትነቃለች። ሕፃን ልጅ እንቅልፉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዙር ይጨርስና ባነን ይላል፣ ከዚያ ሌላ ዙር ይጀምራል። የሷ ዝም ብላ ተመልሳ ትተኛለች፣ ያንቺው ግን «አለሁ» ብሎ ይጠራሻል። ልዩነቱ ይኼ ነው።

አሁን ወደ አጥሚቱ። ለአማትሽ በአክብሮት፣ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም፣ ውሃም ጭምር፣ አይሰጠው ይላል። ሆድ ሲሞላ እንቅልፍ ይመጣል የሚለው ነገር በኛ አገር ብቻ አይደለም የሚነገረው። አሜሪካ ውስጥም በ1980ዎቹ ማታ ማታ እህል ነክ ምግብ የተሰጣቸውን ሕፃናት ካልተሰጣቸው ጋር አስተያይተው ነበር፣ በእንቅልፋቸው ላይ ልዩነት አላገኙም። ወተትሽም አልቀጠነም። መጥገቡን ማወቅ ከፈለግሽ ጤና ጣቢያ ሲመዘን ካርዱ ላይ የምትሰመረውን መስመር እያት። ወደ ላይ እየወጣች ከሆነና በቀን 6 ያህል ጊዜ ዳይፐሩን በሽንት ካራሰ ጠግቧል።

እኔን ከደብዳቤሽ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ቢሮ ገብተሻል። እናቱ ቀን የምትለየው ልጅ ብዙ ጊዜ ጡጦውን ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ይውልና ሒሳቡን ሌሊት ያወራርዳል። ርሃብም ናፍቆትም ነው። አክስትሽ ቀን ምን ያህል እንደጠጣ ለአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ትጻፍልሽ። ጥቂት ብቻ ከሆነ ለጡጦው ጊዜ ሰጥታ፣ ሳትቸኩል፣ ቶሎ ቶሎ ትሞክርለት። አንቺ ደግሞ ገና ከበር ስትገቢ ቦርሳሽን ጥለሽ አጥቢው፣ ወጡ ይቆይ። ከመተኛቱ በፊትም አንዴ በደንብ ይጥባ፣ አስገሺው።

ሌሊት ሲነቃ ትልቁን መብራት አታብሪ። አታጫውቺው፣ ዳይፐሩ ካልቆሸሸ አትቀይሪው። ሲያጉረመርም ብድግ ብለሽ አትሩጪ። ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል፣ ይራገጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እንቅልፍ ላይ ነው። እኔ ስንቱን ጊዜ የተኛ ልጅ ቀስቅሼ አጥብቻለሁ መሰለሽ! አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂው፣ ካለቀሰ ተነሺ። ማታ ደግሞ ጡት አፉ ውስጥ እያለ ድርግም ከማለቱ በፊት፣ ዓይኑ ከበድ ሲለው አልጋው ላይ አስተኚው። ሁልጊዜ አይሳካም። የተሳካለት ቀን ግን ሌሊት ሲነቃም ብቻውን መመለስ ይለምዳል።

ይኼ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ እንቅልፍ የጎደለው እኮ እሱ አይደለም፣ ቀንም ተኝቶ ይሞላዋል። የጎደለው ላንቺ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ አማት አሉ፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች። ባል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው፣ እና ብዙ አባቶች ሌሊቱም በዚያው በሦስተኛው ቀን የሚያበቃ ይመስላቸዋል። ከመንቃቶቹ አንዷን እሱ ይውሰዳት። ያለብሽውን ወተት ማሞቅ ከባድ አይደለም። ጡጦ ሌሊት እንቢ ካለው እንኳ ልጁን አምጥቶ ይስጥሽ፣ ሲጨርስ ተቀብሎ ያስገሳው፣ ያስተኛው፣ አንቺ ከአልጋ አትውረጂ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ልጁን ለአማትሽ አስረክበሽ በር ዘግተሽ ተኚ።

ክብደቱ ካልጨመረ፣ ተኝቶ ካንኮራፋ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ መጥባት እንቢ ካለ ግን ሐኪም ይየው። አጥሚቱንም አትመልሺባቸው። ላንቺ ያፍሉልሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ነዋሪነቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 2 ወሯ ነው። ባለቤቴን ሊያርሱ እናቴ ከአገር ቤት መጥተው እኛ ጋ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ችግሩ ልጅቷን በጎኗ አስተኝተው በብርድ ልብስ ይጠቀልሏታል፣ ያኔ ረዘም አድርጋ ትተኛለች። ሐኪሟ ደግሞ በጀርባዋ፣ አልጋው ላይ ምንም ሳይኖር ብላናለች። እናቴ «በጀርባዋ ካስተኛችኋት ትውከቷ ያንቃታል» ይላሉ። ማንን እንስማ?
አዲስ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ሐኪሟን ስማ። አሜሪካ ውስጥ ልጆች በጀርባ ይተኙ የሚለው ዘመቻ በ1994 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዷል። በጎን የተኛች ልጅ ተንሸራታ በሆዷ ልትገለበጥ ትችላለች። ረዘም አድርጋ መተኛቷም መልካም ዜና እንዳይመስልህ፣ በሆዱ የሚተኛ ልጅ በቀላሉ አይነቃም፣ ፍርሃቱም ይኸው ነው።

የእናትህ ስጋት ግን መልስ ይገባዋል። ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ያስመለሰው ነገር ወደ ትንፋሹ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ይህን በመዳፍህ ላይ ሁለት ጣት ደርበህ አሳያቸው፣ ይገባቸዋል። ብርዱ ካሳሰባቸው እንደ ከረጢት የሚለበስ የልጅ መኝታ ልብስ ግዙ። ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ፣ ትራስ የለ፣ አልጋዋ እናንተ ክፍል ውስጥ። ሌላም ልንገርህ፣ አንተም ሆንክ እናትህ ልጅቷን ታቅፋችሁ ሶፋ ላይ እንዳያሸልባችሁ። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እናትህን ይዘሃቸው ሂድና አንተ አስተርጉም፣ ጥያቄያቸውን ራሳቸው ይጠይቋት። ቀን ልጅቷ ነቅታ ሳለች በሆዷ አስተኝቶ አንገቷን እንድታቀና ማለማመድ ደግሞ ያስፈልጋታል፣ ያንን ሥራ ለሳቸው ስጣቸው።