አውራ በጉን ለመለወጥ አትቸኩል

ወንድሜ፣ አውራህ በቀዝቃዛው ወቅት ያጠቃቸው በጎች አርግዘው፣ በሙቀቱ ወራት ያጠቃቸው ግን እየተመለሱ ድራት (አውራ የመፈለግ ምልክት) ማሳየታቸው አሳስቦህ «አርጅቶ ይሆን?» ብለሃል። እኔ ብሆን ገና አልለውጠውም። ለዓመታት በግ ሳረባ እንዳየሁት፣ እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ ከዕድሜ ሳይሆን ከወቅት ይመጣል።

ቆለጡ ጤነኛ ዘር እንዲያመርት ከሰውነቱ ሙቀት ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት። ኃይለኛ ሙቀት ለቀናት ሲቆይ ማቀዝቀዙ ያቅተዋል፣ ዘሩም ይበላሻል። ክፋቱ ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ዘሩ ከመመረት አንስቶ ለማስረገዝ እስኪደርስ 2 ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አየሩ ቀዝቅዞም አውራው ለሳምንታት መካን ሊመስል ይችላል። ትኩሳት ያለው በሽታም እንዲሁ ያደርገዋል። ፍርድህን አየሩ ከቀዘቀዘ 2 ወር እስኪሞላው አቆየው።

የቀን ርዝመትም አለ። ከምድር ወገብ በራቁ አካባቢዎች ቀኑ ሲያጥር ቆለጡ ይተልቃል፣ ፍላጎቱም ይጨምራል። ቀኑ ሲረዝም ሁለቱም ይቀንሳሉ። በሞቃት አካባቢ ዝርያዎች ላይ ግን ይህ ብዙም አይጎላም፤ እዚያ የሚወስኑት ሙቀትና መኖ ናቸው።

ደግሞ ሴቶቹ ላይ መዝለሉ አያታልልህ! ቀኑን ሙሉ እየዘለለ የማያስረግዝ አውራ አለ። እኔ የማምነው እጄን ነው። አቁመህ ከኋላው ሁንና ቆለጦቹን ወደ ታች ሳብ አድርገህ ዳብስ። ሁለቱም እኩል፣ ጠንከር ያሉና ስትጫናቸው የሚመለሱ መሆን አለባቸው። ልፍስፍስ ካሉ ዘሩ ደክሟል ማለት ነው። ከታች በኩል ጓጉሎ የጠጠረ ነገር ካገኘህ ሐኪም ይየው፤ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውንም በሜትር እየለካህ መዝግብ፣ በየወቅቱ ሲያንስና ሲጨምር በዓይንህ ታየዋለህ።

ዝግጅቱን ከማጥቂያው ወቅት 2 ወር ቀድመህ ጀምር። ፕሮቲን ያለው መኖ ጨምርለት፣ ቆለጡ ለመኖ ቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ግን አታወፍረው፤ ስቡ ሙቀት ያፍናል። ጥላና ውሃ አይጓደልበት። ጸጉሩ ከበዛ ሸልተው። በሙቀት ወራት ከሴቶቹ ጋር ማታና ማለዳ ብቻ አገናኘው።

ያጠቃት በግ ጀርባዋ ላይ ምልክት እንዲቀር ደረቱን ቀለም ቀባና በየ17 ቀኑ ቀለሙን ቀይር፤ የሴቶቹ ድራት በዚያ ገደማ ይመለሳል። አብዛኞቹ ሁለተኛውንም ቀለም ከያዙ መጀመሪያ አውራውን ጠርጥር። ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ ግን እነሱኑ ለይተህ አስመርምር፤ ሙቀት የሴቷንም ፅንስ ገና በጠዋቱ ያጨናግፋል።