ጥያቄና መልስ፦ ከጅማ ተነስቶ ባሌን ማየት

በዚህ ወር ከጅማ ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጠይቁትን ለይተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሚኒባስ ተከራይተን ዓርብ ከሰዓት ከጅማ ብንነሳ ሳነቴን (የባሌን ከፍተኛ አምባ) አይተን ሰኞ ሥራ መግባት እንችላለን? (ከፈረንጅ አራዳ)

አትችሉም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ አድርጎ እስከ ጎባ ከ400 በላይ አለ። ደርሶ መልሱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ ቅዳሜና እሁድ በመኪና ውስጥ ያልቃሉ። ስድስት ቀን ያዙ።

ከርቀቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የባሌ ትልቁ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ጅማ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው 80 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ላይ ወደ 70፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ 60 ይወርዳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት አዲስ አበባ እደሩ፤ ከተማዋ ከጅማ በ600 ሜትር ያህል ስለምትበልጥ እግረ መንገዳችሁን መለማመጃ ትሆናለች። በሁለተኛው ቀን ዲንሾ ግቡ (3,100 ሜትር ገደማ)። ሦስተኛውን ቀን እዚያው አካባቢ በእግር ዙሩ። ጋይሳይ የሚባለው የሣር ሜዳ ከዲንሾ አፍንጫ ሥር ነው፤ የደጋ አጋዘን በብዛት የሚታየውም እዚያ ነው፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ያን ቀን ማታ ወርዳችሁ ጎባ እደሩ (2,700 ሜትር ገደማ)፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ወደ ሳነቴ ውጡና ለአዳር ተመልሳችሁ ጎባ ግቡ። የቀሩት ሁለት ቀናት የመመለሻ ናቸው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ከዚያ በላይ መውጣት ይቁም። ካልተሻለ መውረድ ነው፤ 500 ሜትር መውረድ እንኳ ለውጥ ያመጣል። የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይወረዳል። ጫት ይዘው የሚወጡ ብዙ ናቸው። ምግብ አያስበላም፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ከከፍታው ሕመም ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የትኛው የማን ምልክት እንደሆነ መለየት ያቅታል። ለዚያች አንድ ቀን ጎባ ይቅር።

የሚኒባሱንም ነገር አስቡበት። ቤንዚን ሞተር ቱርቦ ከሌለው 4,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ሰባት ሰው ከነጓዙ ጭኖ ከጎባ ዳገቱን ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ ማዝገሙ ስለማይቀር ከሾፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሙሉ፤ ላይ ማደያ የለም።

ጥያቄ፦ ሳነቴ ጫፍ ላይ ቆመው የሐረናን ጫካ ቁልቁል ያዩ ሰዎች አሉ። እኛ በ6 ሰዓት ደርሰን ጉም እንጂ ምንም አላየንም። ወቅቱ ነው ወይስ ዕድላችን? (ከመንደራ)

ሰዓቱ ነው። የሳነቴ አምባ በደቡብ በኩል ድንገት ይቆረጥና መንገዱ ወደ ሪራ መንደር እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ጫካ እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ሲያሞቀው አየሩ ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፣ እየወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል። ይህ በበጋም ያጋጥማል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከአፋፉ ላይ ከሆናችሁ ብዙውን ጊዜ ዕይታው ክፍት ነው፤ ለዚህ ከጎባ በ11 ሰዓት ሌሊት መነሳት ያስፈልጋል። የመግቢያ ክፍያውን ዋዜማውን ዲንሾ ጨርሱ።

ቅደም ተከተሉም ይለዋወጥ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ ይወጣና አፋፉ ላይ ሲደርስ ተሸፍኖ ያገኘዋል። እናንተ አፋፉን አስቀድሙ፤ ቱሉ ዲምቱ በመልሱ ይደርሳል። መኪና እስከ ጫፉ ስለሚወጣ ብዙዎች እሱን ዋና ነገር ያደርጉታል፤ በእኛ ግምት ግን ከላይ ከሚታየው ይልቅ ከሥሩ ያለው አምባ ይበልጣል፦ ጅብራው፣ ትንንሾቹ ሐይቆች፣ ፍልፈል የቆፈረው መሬት።

ቀይ ቀበሮን ለማየት ደግሞ መቸኮል አያስፈልግም። ዋና ምግቡ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የሌለው፣ ብቅ የሚለው ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ስለሆነ ቀበሮውም ያኔ ያድናል። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተር አጥፍታችሁ መኪና ውስጥ ተቀመጡ። በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ምግብ አትወርውሩለት፣ ትራፊም አትጣሉ። ትራፊ ውሻ ይስባል፣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሽታው በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ ያሉት በድምሩ 500 አይሞሉም።

ጥያቄ፦ ዌብ ሸለቆን በእግር ነው በፈረስ? እናቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። (ከሂርማታ)

ለእናትዎ በፈረስ፤ ከዲንሾ ከአስጎብኚና ከባለፈረስ ጋር። ፈረሱ እንዲሄድ እንጂ እንዲጋልብ አይፍቀዱ። ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳ ስለሆነ የፈረስ እግር ይገባል። ቁልቁለት ሲሆን ወርደው በባለፈረሱ ክንድ ይደገፉ፤ ጉልበት የሚያመው ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው፣ ለዚያም አንድ ዱላ ይያዙ።

መድረሻው ፊንጫ ሀበራ ነው፣ 3,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ፏፏቴ። ዝናቡ ገና እንዳቆመ፣ በጥቅምት ወር፣ ውኃው ሙሉ ነው፤ መሬቱ ግን ጭቃ ነው። ከታኅሣሥ በኋላ መንገዱ ይደርቃል፣ ፏፏቴው ይሳሳል። ለእናትዎ ሲባል ኅዳር ይሻላል። ስሙን የተጋራው የአለት ጥግም እዚያው አካባቢ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል፤ ይበሉ የነበረውም ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ነበር። ሸለቆውን እያዩ ይህን ማወቅ ዕይታውን ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ ድንኳን ይዘን ለማደር ምን እንያዝ? ቡናችንንስ ማፍላት እንችላለን? (ከቆጪ)

የጅማ ሰው ዝናብ ያውቃል፤ ይህን ብርድ ግን አያውቀውም። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጋቢ ደረቅ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ይረዳል፣ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ አንድ ደረቅ ካልሲ። ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ ከላይ ከሚደረበው ብርድ ልብስ ይበልጣል፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ቀን ፀሐዩ ከንፈር ይሰነጥቃልና ቫዝሊንና ባርኔጣ አይረሳ።

ቡናው ይፈላል፣ ግን ያታልላል። ጅማ ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ 4,000 ሜትር ላይ በ87። ጀበናው ቶሎ ይገነፍላል፣ ቡናው ግን ገና ነው። እሳቱን ቀንሳችሁ ከለመዳችሁት በላይ አቆዩት። ምስርና ባቄላ እዚያ ማብሰል ነዳጅ መጨረስ ነው፤ በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ያዙ። አስታና ጥድ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ስለሆነ የጋዝ ምድጃ ያስፈልጋል። ተራው የቡቴን ጋዝ በብርድ ሌሊት ይደክማል፤ ሲሊንደሩን ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁ እደሩ።

ጥያቄ፦ የሐረና ጫካ ከእኛው «በለጠ» ከሚባለው ጫካ በምን ይለያል? (ከጂሬን)

የታችኛው ክፍል ብዙም አይለየውም፤ ዛፉም የዱር ቡናውም እናንተ የምታውቁት ነው። የሚለየው የላይኛው ነው፦ ከሪራ በላይ ከቅርንጫፉ በተንጠለጠለ ሽበት በመሰለ ነጭ ነገር የተሸፈነ የአስታ ጫካ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ቀርከሃና በቀርከሃ የሚኖረው የባሌ ጦጣ። ጊዜ ካጠራችሁ ከሪራ በታች አትውረዱ። ቡናውን ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ሸቤ መንገድ ላይ ታዩታላችሁ።