አባ ሰንጋ የያዘው በሬ ሥጋ ቢቀቀል ይበላል?

ጥያቄ፦ በትውልድ ቀበሌዬ አንድ ጎረቤታችን በሬው በድንገት ሲንቀጠቀጥ አይቶ በክት ከመሆኑ በፊት አረደው፤ መንደሩም እንዳይከስር ብሎ ሥጋውን በቅርጫ ተከፋፈለ። ሽማግሌዎች ደሙ አልረጋም ማለቱንና የጣፊያውን ማበጥ አይተው «አባ ሰንጋ ነው» አሉ። ሌሎች ግን በደንብ ከተቀቀለ ምንም አያደርግም ይላሉ። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሽማግሌዎቹን ስሙ። የማይረጋ ጥቁር ደም፣ ያበጠ ጣፊያና ድንገተኛ ሞት የእንስሳት ሐኪሞችም ይህን በሽታ የሚጠረጥሩባቸው ምልክቶች ናቸው። ተሕዋሲው አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ስፖር ወደሚባል መልክ ስለሚለወጥ፣ ተራ የድስት ፍላት እርግጠኛ መከላከያ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን አደጋው ከመቀቀሉ በፊት፣ በማረዱ፣ በመግፈፉና በመበለቱ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያዘው በቆዳው በኩል ነውና። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያም መሐሉ ይጠቁራል። ቁስሉ ስለማያም ብዙዎች ቸል ይሉታል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ሥጋውን የነካ ሁሉ እጁን ይመልከት፤ የበላም ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስፖሩ በአፈር ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት ስለሚቆይ፣ በሽታው ጠፋ ተብሎ ክትባት ሲቋረጥ የሚከተለውን የሩሲያዋ ያማል አሳይታለች። በአካባቢው ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሽታው ስላልታየ በ2007 ክትባቱ ቆመ፤ በ2016 በጋ በረዷማው መሬት ሲቀልጥ ከ2,000 በላይ የበረዶ አጋዘኖች አለቁ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅም ሞተ። በእኛም አገር በሽታው በታየበት ቀበሌ ከብቱን በየዓመቱ ማስከተብ የግድ ነው።

«አትብሉ» ብሎ መከልከል ብቻውን የሚሠራ አይመስለኝም፤ በሬውን ያጣ ገበሬ ቢላ የሚያነሣው ከችግሩ የተነሣ ነውና። መንደሩ ለቅርጫ የሚያወጣውን ገንዘብ ሥጋ ሳይወስድ ቢያዋጣለት የተሻለ ነበር። እንዲህ ያለ በሬ ሲያጋጥም ሳይታረድና ሳይከፈት፣ ውሻና አሞራ ሳይደርስበት፣ የወረዳው እንስሳት ሐኪም በሚያዘው መሠረት ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። የእናንተ በሬ አስቀድሞ ስለታረደ፣ የቀረው ሥጋ ለውሻም ሳይጣል እንዲሁ ይወገድ፤ ቆዳው ተሸጦ ከሆነም ገዢውን ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ንገሩት።